ከእንቅልፍ የተበደረ ጉልበት

ጫትና ዘመዱ ሜታምፌታሚን በተጠቃሚው ላይ የሚያደርሱት ጉዳት

የጂማና የአካባቢዋ ሕዝብ ከጫት ጋር ለረጅም ዘመን ኖሯል። አብሮ በመኖሩም ለእያንዳንዱ ደረጃ ስም አውጥቶለታል። በጠዋት ለዓይን መግለጫ የሚቃመው ኢጀባና ይባላል። ከምሳ በኋላ ተሰብስቦ መቃሙ በርጫ ነው። ቅጠሉ መሥራት ሲጀምር ምላስ የሚፈታበት፣ ሐሳብ የሚጎርፍበት፣ የዓለም ሥራ ሁሉ ቀላል መስሎ የሚታይበት ሰዓት ምርቃና ነው። የመቃሚያው ጊዜ ደርሶ ቅጠሉ ሲታጣ የሚመጣው ማዛጋት፣ መነጫነጭና የሰውነት መልፈስፈስ ሐራራ ነው። ያቋረጠውን ሰው ሌሊት የሚጫነው ቅዠት ደግሞ ዱካክ ይባላል። ምርቃናውን ለመስበር በላዩ ላይ የሚጠጣው መጠጥም ስም አለው፤ ጨብሲ ይሉታል።

ውድ አንባቢያን፣ እነዚህን ቃላት በቅደም ተከተል የሚያነብ ሐኪም የአንድን በሽታ አካሄድ ያነበበ ያህል ይቆጥራቸዋል። መነቃቃት፣ ከዚያ መውደቅ፣ ከዚያ መመኘት፣ ከዚያ ያለዚያ ነገር መኖር አለመቻል። በሌላው ዓለም ሜታምፌታሚን ስለሚባለው አደገኛ ዕፅ የተጻፉ የሕክምና መጻሕፍት የሚዘረዝሩት ደረጃ ከዚሁ ጋር ይመሳሰላል። ይህ መመሳሰል እንዲያው የአጋጣሚ ነገር አይደለም። ሁለቱ የሥጋ ዘመዳሞች ናቸው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ዝምድናቸውን፣ ልዩነታቸውንና በተጠቃሚው ላይ የሚያደርሱትን ጉዳት ማሳየት፣ ከዚያም ከቦሳ ኪቶ እስከ አጋሮና ሊሙ ባሉ ቤቶች ውስጥ ያሉ ወላጆች፣ የትዳር ጓደኞችና ወጣቶች ምን ማድረግ እንደሚችሉ መጠቆም ነው።

በቅጠሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ጫት ሰውን የሚያነቃው ለምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ሳይንቲስቶችን ለረጅም ዓመታት አድክሟል። እ.ኤ.አ. በ1930 ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር በቅጠሉ ውስጥ መኖሩ ታወቀ። ሆኖም ካቲን ብቻውን የጫትን ኃይል ሊያስረዳ አልቻለም፤ ደካማ ነበርና። መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ተመራማሪዎቹ ደረቅ ቅጠሉን ትተው ለጋ ቅጠል ሲመረምሩ ካቲኖን የተባለውን ዋናውን አነቃቂ አገኙ። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቆረጠ በኋላ በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ እየተበላሸ ወደ ደካማው ካቲን ይለወጣል። የአገራችን ነጋዴ ላቦራቶሪ ሳይገባ ይህን ያውቅ ነበር። ጫቱን በኮባ የሚጠቀልለው፣ ሾፌሩም ሌሊት ከሌሊት የሚገሰግሰው ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ እንዲደርስ ነው።

ካቲኖን አምፌታሚን ለሚባለው ሰው ሠራሽ ዕፅ የቅርብ ዘመድ ነው። የሁለቱ አሠራር የሚለየው በአንዲት የኦክስጅን አቶም ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሜታምፌታሚን ደግሞ በዚያው በአምፌታሚን ላይ ትንሽ ቅጥያ የተጨመረበት፣ ወደ አንጎል ይበልጥ በፍጥነት የሚገባ ወንድሙ ነው። ተመራማሪዎች ካቲኖንን የተፈጥሮ አምፌታሚን እያሉ የሚጠሩትም ስለዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ዓለም አቀፍ የአእምሮ አነቃቂና አደንዛዥ ንጥረ ነገሮች ስምምነት ንጹሑ ካቲኖን ጥብቅ ቁጥጥር በሚደረግበት በመጀመሪያው ሠንጠረዥ ውስጥ ተመዝግቧል። ቅጠሉ ራሱ ግን በስምምነቱ ውስጥ አልገባም። በእኛ አገር በሕግ የተፈቀደ ነው፤ ከቡና ቀጥሎ የውጭ ምንዛሪ ከሚያስገኙ ምርቶችም አንዱ ነው። እንግሊዝና ኔዘርላንድን የመሳሰሉ አገሮች ግን ቅጠሉንም ጭምር ከልክለዋል፤ ኔዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2013፣ እንግሊዝ በ2014።

የወንድሙ ታሪክ

ሜታምፌታሚንን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው ናጋይ ናጋዮሺ የተባለ ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1893 ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 አኪራ ኦጋታ የተባለ ሌላ ጃፓናዊ በክሪስታል መልክ አወጣው። እ.ኤ.አ. በ1938 አንድ የጀርመን ፋብሪካ ፐርቪቲን በሚል ስም በእንክብል መልክ ለሕዝብ መሸጥ ጀመረ። ወዲያው ጦርነት መጣ። እ.ኤ.አ. በ1940 ጀርመን ፈረንሳይን በወረረችበት ወቅት ብቻ ከ35 ሚሊዮን በላይ የዚህ ዓይነት እንክብሎች ለወታደሮች መታደላቸው በታሪክ ተመዝግቧል። ወታደሩ ሳይተኛ ዘመተ፤ በኋላ ግን ተዝለፈለፈ፤ ሱስም ያዘው። መንግሥቱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1941 መድኃኒቱን በቁጥጥር ሥር ለማዋል ተገደደ።

ጃፓንም ከጦርነቱ በኋላ ከባድ ዋጋ ከፍላለች። ለሠራዊቱ የተከማቸው መድኃኒት ወደ ገበያ ወጥቶ የሌሊት ሠራተኛው፣ ተማሪውና ሥራ ያጣው ሁሉ ተጠቀመበት። እ.ኤ.አ. በ1951 ጥብቅ ሕግ እስኪወጣ ድረስ ብዙ ሰው በሱሱ ተያዘ። ያኔ የጃፓን ሐኪሞች አንድ ትልቅ ነገር አስተዋሉ። በዕፁ ምክንያት አእምሮው ታውኮ የዳነ ሰው ከዓመታት በኋላ ጥቂት ቢቀምስ፣ አንዳንዴም ከባድ ጭንቀት ብቻ ቢደርስበት፣ የቀድሞው ሕመም ይመለስበት ነበር። አንጎል ቂም ይዟል ማለት ነው። ይህን ወደ ኋላ እናነሣዋለን።

ሁለቱን እኩል ማድረግ ፍትሕ አይደለም

ጫትን ሜታምፌታሚን ነው ብሎ መናገር ሐሰት ነው። አንድን ነገር ለመኮነን ሲባል ከእውነት መራቅም አይገባም፤ ወጣቱ ያጋነንንበትን ቀን ሌላውንም ምክራችንን አይሰማምና። ልዩነቱ በሁለት ነገሮች ላይ ነው፤ በመጠንና በፍጥነት።

ጫት ቃሚ ቅጠሉን እያኘከ ለሰዓታት ይቆያል። ካቲኖኑ በምራቅ እየሟሟ ቀስ ብሎ ወደ ደም ይገባል፤ በደም ውስጥ ከፍተኛ መጠን ላይ የሚደርሰውም ከሁለት ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ብዙ ልውሰድ ቢልም ጉንጩና ሆዱ ወሰን ያበጁለታል። ሜታምፌታሚን ግን በጢስ መልክ ሲሳብ ወይም በመርፌ ሲወሰድ በሰኮንዶች ውስጥ አንጎል ይደርሳል። በሰውነት ውስጥ የሚቆየውም ለረጅም ሰዓታት ነው፤ ከገባው መጠን ግማሹ እንኳ ለመውጣት አሥር ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። ስለዚህ የሜታምፌታሚን ተጠቃሚ ሦስትና አራት ቀን ያለ እንቅልፍ ሊቆይ ይችላል።

ጫት ቃሚው ከዘመዱ ጋር መቀራረብ የሚጀምረው ወሰኑን ማፍረስ ሲጀምር ነው። ከበርጫ ወደ ኢጀባና፣ ከሳምንት አንድ ቀን ወደ ዕለት ተዕለት፣ ከቀን ወደ ሌሊት ሲሸጋገር። በወንዝ ዳር የቆመና ወንዙ መሐል የገባ ሰው አንድ አይደሉም፤ ውኃው ግን አንድ ነው።

ብድሩ የሚወሰደው ከማን ነው?

አላህ በሰው አንጎል ውስጥ መልእክት የሚያመላልሱ ንጥረ ነገሮችን አኑሯል። ከእነዚህ አንዱ ዶፓሚን ይባላል። የተራበ ሰው ሲበላ፣ እናት ልጇን ስታቅፍ፣ ተማሪ የከበደውን ሒሳብ ሲፈታ ዶፓሚን በመጠኑ ይለቀቃል፤ ሰውየውም ደስ ይለዋል፤ ያን መልካም ነገር መልሶ ለማድረግ ይነሣሣል። የልፋት ዋጋ በአንጎል ውስጥ የሚከፈለው በዚህ መንገድ ነው። ኖርአድሬናሊን የሚባለው ሌላ መልእክተኛ ደግሞ ልብን ያነቃል፤ ደምን ያፋጥናል።

ካቲኖንም ሆነ ሜታምፌታሚን የሚያደርጉት የጎተራውን በር መክፈት ነው። ለብዙ ቀን የተቀመጠው ዶፓሚን በአንድ ጊዜ ይፈሳል፤ ጫት በመጠኑ፣ ሜታምፌታሚን በኃይል ያፈሱታል። ሰውየው ያልሠራበትን ደመወዝ ይቀበላል። ያልተገነባው ቤት የተገነባ፣ ያልተጀመረው ንግድ የተከበረ መስሎ ይታየዋል። በምርቃና ጊዜ ስንት ፋብሪካ እንደሚቋቋምና በማግስቱ ስንቱ እንደሚፈርስ የጫት ቤት ታዳሚ ሁሉ ያውቃል።

በማግስቱ ጎተራው ባዶ ነው። ድካሙ፣ ትካዜውና መነጫነጩ የሚመጡት ከዚህ ነው። ጫት አዲስ ጉልበት አይፈጥርም፤ የነገን ጉልበት ዛሬ ያበላል። የሚበደረውም ከእንቅልፍና ከምግብ ነው፤ ሁለቱም ያበደሩትን ሳያስመልሱ አይቀሩም። ቃሚው ብድሩን ለመክፈል ሌላ ብድር ሲወስድ ዑደቱ ይጀመራል። ከጊዜ በኋላ አንጎል የዶፓሚን ተቀባዮቹን ስለሚቀንስ የተለመደው መጠን አይበቃም። ከዚያ የሚከፋው ደግሞ ቀድሞ ያስደስተው የነበረው ነገር፣ የቤተሰብ ማዕድ፣ የልጅ ሣቅ፣ የሥራ ስኬት ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ነው። ሚስት ባለቤቴ ቤት ሲገባ ዝም ይላል ብላ ስታማርር ከቁጣም ከጥላቻም ላይሆን ይችላል፤ የደስታው ጎተራ ሌላ ቦታ ተራግፎ ስለመጣ ሊሆን ይችላል።

ቡናችንስ? አንዳንዶች ቡናም እኮ ያነቃል ይላሉ። ልክ ነው፤ ይሁንና የቡናው ካፌይን የሚሠራው ድካምን የሚያበሥረውን መልእክተኛ ለጊዜው በመከልከል ነው፤ የዶፓሚኑን ጎተራ እንደ ካቲኖን አያራግፍም። ከሁለት ስኒ በኋላ በቃኝ ማለት ቀላል የሚሆነው ለዚህ ነው።

በሰውነት ላይ የሚደርሰው

ልብ፦ ካቲኖን የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። በየመን የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ጫት መቃም ለድንገተኛ የልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ፣ አደጋውም ከሚቃመው መጠን ጋር እንደሚጨምር አሳይቷል። በሜታምፌታሚን ደግሞ የልብ ጡንቻ መድከምና በአንጎል ውስጥ የደም ሥር መፈንዳት በወጣትነት ዕድሜ ጭምር ይታያሉ። ግፊት ያለበት ሰው ጫት መቃሙን ከሐኪሙ ሊደብቅ አይገባም።

አፍና ጥርስ፦ ጫት የአፍ ውስጥ ሽፋንን ያቆስላል፤ ድድን ይጎዳል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳና ስኳር የበዛበት ሻይ ጥርስን ይጨርሳል። የሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎች ምራቃቸው ስለሚደርቅና ጥርሳቸውን ስለሚያፋጩ ገና በወጣትነታቸው ጥርሶቻቸው ጠቁረው ይረግፋሉ።

ሆድና ክብደት፦ ሁለቱም የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ። በጫት ላይ ቅጠሉ የያዘው ታኒን ሲጨመር ሆድ ድርቀት የቃሚ የዘወትር ስሞታ ይሆናል። የሜታምፌታሚን ተጠቃሚ ደግሞ ከሰው ጎዳና እስኪወጣ ይከሳል። ከቆዳው ሥር ተባይ የሚሄድ እየመሰለው ራሱን ስለሚቧጭርም ገላው በቁስል ይሞላል።

ፅንስ፦ በእርግዝና ወራት ጫት የሚቅሙ እናቶች ክብደታቸው ያነሰ ልጆች እንደሚወልዱ ጥናቶች አመልክተዋል። በሜታምፌታሚንም እንዲሁ ነው። ነፍሰ ጡር እህቶቻችን የአካባቢው ልማድ ነው በሚል ሊዘናጉ አይገባም።

በአእምሮ ላይ የሚደርሰው

ቤተሰብ ይበልጥ ሊጠነቀቅበት የሚገባው ይህ ነው። ዶፓሚን ከልክ ሲያልፍ አንጎል ለማይረባው ነገር ሁሉ ትርጉም መስጠት ይጀምራል። ጎረቤት ቢስቅ በእኔ ነው የሳቀው ይላል። መኪና ቢቆም ሊይዙኝ መጡ ይላል። ሚስቱ ስልክ ብታነሣ ከሌላ ወንድ ጋር ናት ብሎ ይደመድማል። ቀጥሎ ማንም ያልተናገረውን ድምፅ መስማት ይመጣል። በሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎች ላይ ይህ ዓይነቱ የአእምሮ መታወክ በተደጋጋሚ የሚታይ ነው። በጫት የሚደርሰው በብዙ ያነሰ ነው፤ የለም ማለት ግን አይቻልም።

በሐርጌሳ ከተማ 4,854 ሰዎችን ያካተተና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አለ። በጥናቱ አእምሯቸው የታወከ ወንዶች ጫትን በለጋ ዕድሜ የጀመሩና ከሌላው ቃሚ አብዝተው የሚቅሙ ሆነው ተገኝተዋል። ወደ አካባቢያችን ስንመጣ፣ የጂማ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከጀርመን ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በጊልገል ጊቤ የምርምር ጣቢያ ዙሪያ በሚኖሩ ወንዶች ላይ ጥናት አካሂደው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2017 አሳትመዋል። ግኝታቸው ሊታሰብበት የሚገባ ነው። ጫት ከአእምሮ መታወክ ምልክቶች ጋር ጎልቶ የተያያዘው ቀደም ሲል አስደንጋጭ ነገር በደረሰባቸው ሰዎች ላይ ነበር። በጦርነት ያለፈ፣ የተደበደበ፣ ቤቱ የተቃጠለበት፣ በስደት የተንገላታ ሰው ጭንቀቴን ልርሳበት ብሎ ሲቅም ከሌላው ይልቅ አደጋ ላይ ይወድቃል ማለት ነው። የጃፓን ሐኪሞች በሜታምፌታሚን ያዩትን እናስታውስ፤ የተጎዳ አንጎል ቂም ይይዛል።

ሱስ የሚጀምረው ከየት ነው?

ማንም ሰው ልታመም ብሎ አይጀምርም። የኪቶ ፉርዲሳው ተማሪ የሚጀምረው የፈተናን ሌሊት ለማሳለፍ ነው። የጭነት መኪና ሾፌሩ የሚጀምረው እንቅልፍ መሪ ላይ እንዳይጥለው ነው። የቡና ለቀማ ሲደርስ ገንዘብ ኪሱ የገባ ወጣት የሚጀምረው ከጓደኛ ላለማነስ ነው። ሥራ ያጣው የሚጀምረው ቀኑ አልመሽ ስላለው ነው። ሁሉም ምክንያት አለው፤ ሁሉም ምክንያቱ ሲያልፍ ጫቱ ይቀራል።

ተማሪው ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። ሰው ያነበበውን የሚያጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ ያደረ ብዙ ገጽ ገልጦ ይሆናል፤ በፈተናው ጠረጴዛ ላይ የሚያገኘው ግን ጥቂቱን ነው። ሾፌሩም እንዲሁ ነው። ምርቃናው እስካለ ይነቃል፤ ሲለቀው ግን የተከማቸው እንቅልፍ በድንገት፣ ያውም በቁልቁለት ላይ ሊጥለው ይችላል።

ጨብሲ ደግሞ ሁለተኛውን በር ይከፍታል። ምርቃናው እንቅልፍ ሲከለክለው አልኮል ይጠጣል፤ ወይም የእንቅልፍ ኪኒን ይገዛል። በአንድ ቅጠል የጀመረ ሰው በሁለትና በሦስት ሱስ ይታሰራል። አልኮል እርም መሆኑን ጠንቅቆ የሚያውቅ የሙስሊም ልጅ በዚህ በኩል ወደ መሸታ ቤት መግባቱ ብዙ ወላጆችን አስለቅሷል።

ለዱዓ ነው የሚለው ምክንያት

በቡታጅራ አካባቢ 10,468 ጎልማሶች ተጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ግማሽ ያህሉ በወቅቱ ቃሚዎች መሆናቸውን፣ ከቃሚዎቹም 17.4 ከመቶው በየቀኑ የሚቅሙ መሆናቸውን አሳይቷል። ከቃሚዎቹ 80 ከመቶ ያህሉ የሰጡት ምክንያት ደግሞ በጸሎት ጊዜ ሐሳብን ለመሰብሰብ ይረዳናል የሚል ነበር።

አባቶቻችን በዱዓና በመውሊድ ስብሰባ ላይ ጫት ማቅረባቸው የታወቀ ነው። ዑለሞችም ስለ ጫት ሲነጋገሩ መቶ ዓመታት አልፈዋል። በ974 ዓመተ ሒጅራ መካ ላይ ያረፉት ኢብን ሐጀር አል-ሀይተሚ ከየመን ስለ ጫት ተጠይቀው አንድ ድርሳን ጽፈዋል። ቁርጥ ያለ ክልከላ ከማውጣት ቢቆጠቡም ከአጠራጣሪ ነገር መራቅ እንደሚሻል መክረዋል። ከእሳቸው በኋላ የከለከሉም የፈቀዱም አሉ። ፈትዋ መስጠት የዚህ ጽሑፍ ድርሻ አይደለም።

ሆኖም ዑለሞች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ። ሸሪዓ ሊጠብቃቸው ከመጣ አምስት ነገሮች አንዱ አእምሮ ነው፤ ሌሎቹም ሃይማኖት፣ ነፍስ፣ ዘርና ንብረት ናቸው። እንግዲህ እያንዳንዱ ቃሚ ራሱን በእነዚህ በአምስቱ ይመርምር። ሌሊቱን ለዱዓ ቅሜ አነጋሁ የሚለው ሰው ሱብሒን በወቅቱ ሰገደ ወይስ ተኝቶ አሳለፈው? የልጆቹ የዳቦ ገንዘብ የት ሄደ? የትዳሩ ሐቅ እንዴት ነው? መልሱን ከእርሱ በቀር የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።

ወደ ባሕረ ሰላጤው ለሚሄዱ

ከጂማና ከአካባቢዋ ብዙ ወጣቶች ለሥራ ወደ ዓረብ አገሮች ይሄዳሉ። እዚያ ሜታምፌታሚን ሻቡ በሚል ስም ይታወቃል። ካፕታጎን የሚባሉት እንክብሎችም የአምፌታሚን ዘር ናቸው። አሥራ ስድስት ሰዓት ለሚሠራ ሰው ድካም ያስረሳሃል ተብሎ ይሰጣል፤ ቀድሞ በጫት የለመደ ሰው ደግሞ ያው ነው ብሎ ሊያቀልለው ይችላል። ያው አይደለም። ከላይ እንዳየነው ውኃው አንድ ቢሆንም ይህ የወንዙ መሐል ነው።

በሕግም በኩል ሳዑዲ ዓረቢያ ጫትን ጭምር ትከለክላለች። በአደንዛዥ ዕፅ ወንጀል የሞት ቅጣትን ለጊዜው አቁማ የነበረ ቢሆንም እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2022 ጀምሮ መልሳ ተግባራዊ አድርጋለች፤ ከተቀጡት መካከል ኢትዮጵያውያንም ይገኙባቸዋል። በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን ያስቀጣል። ተጓዥ የሆነ ሰው ይዘቱን የማያውቀውን ዕቃ ለማንም አይሸከም።

ቤተሰብ ምን ያድርግ?

በመጀመሪያ ምልክቶቹን ማወቅ ነው። ሌሊትና ቀን መገላበጥ፣ ከማዕድ መሸሽ፣ የገንዘብና የዕቃ መጥፋት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት ሱስ እየጠነከረ መምጣቱን ያሳያሉ። ሰዎች ይከተሉኛል ማለት፣ ምግብ ተመርዟል ብሎ አለመብላት፣ የሌለ ድምፅ መስማትና ለብቻ ማውራት ደግሞ ነገ ዛሬ ሳይባል ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው። ራሴን አጠፋለሁ ያለን ሰው ወይም ሌላውን ለመጉዳት የዛተን ሰው ለብቻው አለመተው፣ ስለት ያለው ነገርም ከአጠገቡ ማራቅ ያስፈልጋል። ጠንካራ የደረት ሕመም ወይም የአንድ ጎን መስነፍ ከታየም ሰዓት የሚያስጠብቅ አይደለም።

ሁለተኛ፣ ማሰርና መደብደብ አይጠቅምም። አንዳንድ ቤተሰብ ነውሩን ለመሸፈን ልጁን በጓዳ ያስራል። ከላይ እንዳየነው ግን ድንጋጤና ሥቃይ ራሳቸው በሽታውን ያባብሱታል። ቁርኣን ማስቀራት የሚሻ ቤተሰብም ሕክምናውን ሊያቆይ አይገባም፤ ሁለቱ አይጣሉም። የጂማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው፤ ከከተማውና ከደቡብ ምዕራብ አካባቢዎች የሚመጡ ሕሙማንን ያያል። በአዲስ አበባም ለረጅም ዘመን የኖረው የአማኑኤል ሆስፒታል ይገኛል። በጫት ምክንያት የታወከ አእምሮ ቃሚው ካቆመና በጊዜ ከታከመ ብዙ ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ይረጋጋል። የሚያስፈራው ድኛለሁ ብሎ ወደ በርጫው መመለሱ ነው።

ሦስተኛ፣ የማቆሚያውን ሳምንታት አብሮ ማለፍ ነው። ጫት ሲቆም ድካሙ፣ ዱካኩና ትካዜው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታሉ። ይህ ሰነፍ መሆኑን አያሳይም፤ አንጎሉ ብድሩን እየከፈለ ነው። በእነዚህ ቀናት በቂ እንቅልፍ፣ በሰዓቱ የቀረበ ምግብ፣ ውኃና የእግር ጉዞ ትልቅ መድኃኒት ናቸው። የበርጫው ሰዓት ባዶ ሆኖ እንዳይቀር ሌላ ነገር ይተካበት፤ ሥራ፣ ስፖርት፣ ቂርኣት፣ ዘመድ ጥየቃ። ገንዘቡን ለጊዜው የሚታመን ሰው ቢይዝለት፣ የጫት ጓደኞቹንም ቢርቅ ይቀልለታል። በረመዷን ቀኑን ሙሉ ያለ ጫት የሚውል ሰው ማቆም እንደሚችል ለራሱ አስመስክሯል፤ የሚጎድለው ሌሊቱን ማትረፍ ብቻ ነው።

ለሜታምፌታሚን ሱስ እስከ ዛሬ ተፈውሶ የሚወጣበት የተረጋገጠ ኪኒን የለም። ውጤት ያሳየው በሐኪምና በአማካሪ የሚደረግ ተከታታይ ምክር፣ የቤተሰብ ተሳትፎ፣ እንዲሁም ከዕፁ ነጻ ሆኖ ለተገኘበት ለእያንዳንዱ ሳምንት ሰውየውን በትንሽ ስጦታ ማበረታታት ነው። ይህ የመጨረሻው ለጫትም በየቤቱ ሊሞከር የሚችል ነው። ልጁ የሳተበትን ቀን ብቻ እየቆጠርን ከምንወቅሰው፣ የጸናበትን ሳምንት ብናስብለት ይበልጥ ይበረታል።

የጎደለው ጎተራ መልሶ ይሞላልን?

ብዙ ሱሰኛ ከእንግዲህ ተበላሽቻለሁ ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የታተመ ጥናት የሜታምፌታሚን ተጠቃሚዎችን አንጎል በመሣሪያ መርምሮ ነበር። ባቆሙ በመጀመሪያዎቹ ወራት የዶፓሚን ማጓጓዣዎቻቸው ጎድለው ተገኙ። ከዓመት በላይ ርቀው ለቆዩት ሰዎች ምርመራው ሲደገም ግን ጉድለቱ በጉልህ ተሻሽሎ ነበር። የማስታወስና የመንቀሳቀስ ችሎታቸው በዚያው ልክ አልተመለሰም፤ ጉዳቱ ጨርሶ ጠፋም አይባልም። ነገር ግን በከባዱ ወንድም የተመታ አንጎል እንኳ ጊዜ ከተሰጠው ይጠገናል።

እንግዲህ በቅጠሉ የተያዘ ወገናችን ተስፋው ይበልጥ ሰፊ ነው። የሚያስፈልገው ዓመት የሚታገሥ ቤተሰብ ነው። አንድ ወር ቆይቶ ቢወድቅ አሥራ አንዱን ወር ትተን አንዘልፈው፤ እንደ ገና እንቁጠርለት። ዛሬ ሌሊት በየቤታችን መብራቱ ያልጠፋበት ክፍል ካለ፣ ነገ ከሱብሒ በኋላ ቁጣችንን አስቀምጠን ስንት ሰዓት ተኛህ ብለን እንጠይቀው። ብዙ ጊዜ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚህች ጥያቄ ነው።

አላህ የልጆቻችንን አእምሮ ይጠብቅልን። አሚን።